የሳሙናው ቀረጥ

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ልጃችን ጥርሷ ወልቆ፣ «አባዬ ሳያይልኝ አይጣልም» ብላ በመሀረብ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። የቀረጥ ዝርዝሩን ይዞላችሁ የሚመጣው ባልደረባዬ ይህንን ደብዳቤም ያደርስልሃል።

ከነገ ወዲያ ትፈራረማላችሁ አሉ። እንኳን ደስ ያለህ። የጎረቤት አገር ሰዎች ከሰባቱ አገሮች ኅብረት አኩርፈው የወጡ ጊዜ «ቀረጥ ቀንሰን እንመልሳቸዋለን» ብትል ሁሉም ስቀውብህ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ አምኜህ ነበር።

አሁን ግን የሆዴን ልንገርህ። ከመጀመሪያው ድርድር ስትመለስ የእነሱን ልዑካን መሪ «አስቸጋሪ ሴት ናት» አልከኝ። ከሦስተኛው ስትመለስ «ጎበዝ ሴት ናት» አልክ። ከአምስተኛው ስትመለስ ጭራሽ አላነሳሃትም። ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

ሸሚዝህም የቤታችንን ሳሙና አልሸት አለኝ። የሆቴል ይሆናል ብዬ ዋጥኩት። ባለፈው ሰኞ ግን እነሱ ቀረጥ ይነሣልን ያሏቸው ዕቃዎች ናሙና እኔ ወደምሠራበት የቀረጥ ቢሮ መጣ። እንደ ደንቡ እየከፈትኩ ከዝርዝሩ ጋር ሳመሳክር አንድ ሳሙና አገኘሁ። ድርድሩ በሦስተኛ አገር ነው፣ ይህ ሳሙና ደግሞ ከእነሱ አገር ወጥቶ አያውቅም። አሸተትኩት። ያው የሸሚዝህ ሽታ ነው፤ ከእሷ እንጂ ከሆቴል አልመጣም።

ዝርዝሩ ላይ ደግሞ የሳሙናውን ሠላሳ በመቶ በእርሳስ ሰርዘህ በገዛ እጅህ «ዜሮ» ብለህበታል። ለማር እንኳ አምስት በመቶ መቀነስ ያቃተህ ሰውዬ!

አልዋሽህም፣ ቅናት አንገበገበኝ። የመጨረሻውን ቅጂ ስጽፍ ሠላሳውን መለስኩት። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ሰባቱም ካልተስማሙ አይታረም፤ እሷም ተናዳ ጥላችሁ ትሄዳለች። የሁለት ዓመት ልፋትህ ገደል ይግባ አልኩ። አለቃዬ ማኅተሙን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ አጥፍቼ ዜሮ ጻፍኩ። ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። በሠላሳ ከቀረ ሳሙናው የእሷ ብቻ ይሆናል። በዜሮ ከገባ ግን በየሱቁ ይደረደራል፤ የላይ ቤቷ ጎረቤታችንም፣ የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛም፣ እኔም እንታጠብበታለን።

እኔማ ገበያውን አልጠበቅሁም። ናሙናውን ይዤ ገብቼ ሸሚዞችህን በሙሉ አጠብኩበት። ከእንግዲህ ሽታው ምንም አይነግረኝም፤ የምትነግረኝ አንተው ነህ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ፈርመህ በሰላም ግባ።

የልጆችህ እናት