አምባሩ ለእናትየዋ

ሰኞ

ገደልነው። ጠዋት የሥዕል ታሪካችንን አዲስ እትም ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለቀቅን፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስድብ መዝነብ ጀመረ።

ጀግናችን ሞገድ የለም። ሐይቁ ላይ የተገለበጠችውን ጀልባ ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ አወጣ፣ እሱ ግን አልወጣም። በሚቀጥለው ገጽ፣ ውሃው ወደ ዳር የተፋውን ኃይል የሚሰጥ አምባሩን እናቱ አጠለቀችው። ከእንግዲህ ከተማዋን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ወይዘሮ ታደለች፣ ሃምሳ ያለፋት፣ መነጽር የምታደርግ፣ ጉልበቷን የሚያማት የሒሳብ መምህርት።

ሥዕሉ የኔ ነው፣ ጽሑፉ የማቲዎስ። እሱ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ይማራል፤ እኔ መናኸሪያ አካባቢ ማተሚያ ቤት ባነርና ታፔላ እሠራለሁ። ሞገድን ለጨዋታ ነበር የጀመርነው። አሁን በየከተማው የሚጠብቀው ሰው አለ።

ከአስተያየቶቹ፦

«ጀግናችንን በአክስቴ ቀየራችሁት።»

«የደም ግፊት መድኃኒቷን ውጣ ነው የምትደባደበው?» (ይቺ አሳቀችኝ።)

«ሴት ስለሆነች አይደለም፣ ግን...» (ስለሆነች ነው።)

አልደነገጥኩም። እስከዛሬ ከሳልኳቸው ሰዎች ሁሉ ታደለችን የሚያክል የለም። እሷ ስትቆም መሬቱ የሷ ይመስላል።

ማክሰኞ

ማቲዎስ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ደወለ። ሌሊቱን አስተያየት ሲያነብ ነው ያደረው።

«ሕልም ነበር እንበል» አለኝ። «ሞገድ ይነቃል፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«አንዴ በሕልም ካስመለስነው፣ ሌላ ጊዜ ሲሞት ማን ያምነናል?»

ሐሳቡ እኮ የራሱ ነበር! አምባሩን ለእናቱ እንስጥ ያለው እሱ ነው፣ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሙዝ እየላጠ። ይህንን ስነግረው ድምፁ ተለወጠ።

«ሰው ከቻናሉ እየወጣ ነው ምህረት። ካልመለስነው እኔ መጻፍ አቆማለሁ።»

የምሩን ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ያለሱ ቃል ሥዕሌ ግማሽ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ቢሆንም እሺ አላልኩም።

ረቡዕ

ዳግም የሚባል ልጅ አለ። የአንባቢዎቹን ግሩፕ የሚመራው እሱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የደሴ ልጅ። ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አብሮን ነበር። ዛሬ የራሱን ገጽ ሥሎ ለጠፈ፦ ጎህ ሲቀድ ሞገድ ከሐይቁ እየወጣ ነው። የኛን እትም ካጋራው ሰው ይልቅ የሱን ያጋራው በዛ።

አስፍቼ አየሁት። ጣቶቹ ተወላግደዋል፣ አንገቱ ረዝሟል። ውሃው ግን! ውሃውን ከኔ በተሻለ ሥሎታል። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ማታ እናቴን ከወንበር ስትነሳ ሣልኳት። አየችውና፣ «እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም።»

«ጉልበቷ ግን የኔ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ

የምርቃት ባነር በዛ። ቀኑን ሙሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ስጽፍ ዋልኩ፤ ስልኬ ላይ ደግሞ «አታፍሩም?» ይሉኛል።

በሻይ ሰዓት ለዳግም ጻፍኩለት። ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ና፣ ፊት ለፊት እናውራ።

«እሺ፣ ግን ብዙ ሆነን ነው የምንመጣው።»

ይምጡ። ማቲዎስ ሲሰማ «ያዋርዱሻል» አለኝ። እሱ አይመጣም። ይሁን፣ ታደለችን ብቻዬን እወክላታለሁ።

ቅዳሜ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ቀድሜ ደርሼ ዋርካ ሥር ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ያዝኩ። እነሱ ሰብሰብ ብለው መጡ፤ አንዳንዶቹ ሞገድ የታተመበት ቲሸርት ለብሰዋል። የሣልኩትን ፊት ለብሰው ሊጣሉኝ መምጣታቸው ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዳግም ስልክ ላይ እንደሚጮኸው አይደለም። ቀጭን ነው፣ ድምፁም ለስላሳ።

«እርስዎ ነዎት ምህረት?»

«አንቺ በለኝ፣ ያን ያህል አላረጀሁም።»

ለስላሳ አዘዝንና ወዲያው ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ። አሮጊት እንዴት ትሮጣለች ላለኝ ልጅ፣ «ሞገድ መኪና ሲያነሳ ጀርባውን አያመውም ወይ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቁ። እየረታሁ መሰለኝ።

ዳግም ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ሁለቱን ገጾች አሳየኝ።

«እዚህ ጋ ሞተ። እዚህ ጋ እናቱ ጠላት ታባርራለች። በመሃል ምን አለ?»

«ምን ይኑር?»

«ለቅሶ! ድንኳን የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እድርተኛ የለ። ልጇ ሞቶ በማግስቱ የምትደባደብ እናት የየት አገር ናት? እኛስ? ስንት ጊዜ አብረነው ኖርን። እግዜር ያጽናችሁ ያለን ሰው የለም።»

ሁለቱን ገጾች ደግሜ አየኋቸው። ልጁ ልክ ነው። ታደለችን ለማሳየት ቸኩዬ ልጇን ሳላስቀብር አስነሣኋት።

«ሞገድን አልመልሰውም» አልኳቸው። «አምባሩ ከታደለች እጅ አይወጣም። ለቅሶውን ግን እንቀመጥለታለን፤ ሙሉ እትም።»

አንዱ ተነሥቶ ሄደ። ሌሎቹ ተያዩ። አንዷ ልጅ «ሙሉ?» አለች። «ሙሉ» አልኳት።

ከዚያ ወደ ዳግም ዞርኩ። «ሐይቁን አንተ ሣልልኝ። ካንተ እኩል ውሃ መሣል አልችልም።»

ጆሮው ሁሉ ቀላ። «ሰው ግን አልሥልም» አለ። «እጅ አይሆንልኝም።» «አይቻለሁ» አልኩት፤ ያን ጊዜ ሳቀ።

ተረታሁ ወይስ ረታሁ? ሁለቱም ይመስለኛል። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ እያፏጨሁ ነበር።

እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ማቲዎስን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

«ጠብ የሌለበት የጀግና እትም ማን ያነባል?»

«የሞገድ ዘመድ የሆነ ሁሉ።»

ትቶኝ ሄደ። መጻፉን ያቆማል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ሳይደውል ቤት መጣና እናቴን በወጉ ሰላም ብሎ ተቀመጠ።

«አስቤበታለሁ» አለ። «ከጀልባዋ የዳኑት ሰዎች ወደ ድንኳኑ ይምጡ። ጽሑፍ አያስፈልገውም። ለቅሶ ቤት ሰው ብዙ አያወራም።»

ከኔ ጋር ከሠራው ሁሉ ምርጡን ጻፈ ማለት ነው፤ አንድ ቃል ሳይጽፍ።

ታደለችን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ አምባሩን ከነጠላዋ ሥር ደበቅኩት። እናቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና፣ «እንዲህ ቀጥ ብላ አትቀመጥም» አለች። ፍራሹ ላይ ወርዳ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። ማቲዎስ ሊያያት አልቻለም፤ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ሣልኩ።

የሚቀጥለው ዓርብ

ሳምንቱን በሙሉ አልጻፍኩም፤ ስሥል ነበር። ዳግም ውሃውን ልኮልኝ የመጨረሻው ገጽ ላይ አስገባሁት፤ ስሙ ከኛ ጎን ሰፍሯል። ዛሬ ጠዋት ለቀቅን።

መጀመሪያ የመጣው «ጠብ የለም፣ ሰለቸኝ» የሚል ነበር። ማቲዎስ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። ቀጥሎ ግን አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ወይዘሮ ታደለች» ብሎ ጻፈ። ሌላውም ተከተለ። ከዚያ ማቆሚያ አልነበረውም፦ ነፍስ ይማር፣ አላህ ይርሐመው፣ ጌታ ያጽናናዎት። በሲዳምኛ የጻፉም ነበሩ። ለሣልኳት ሴት፣ በአንቱታ!

እናቴ ስልኬን ወስዳ መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ያዘች። ለእያንዳንዱ «አሜን» ትላለች። «አሜን፣ አሜን፣ እናንተንም አይንካችሁ።» ልነጥቃት አልደፈርኩም።

የወጡት ሁሉ አልተመለሱም። አይመለሱ።

ቅዳሜ

ማቲዎስ የሚቀጥለውን ጽሑፍ አመጣ፤ ሕልም የሚባል ነገር የለበትም። ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ ወይዘሮ ታደለች ብቻዋን ትነሣለች።

ያቺን ሥዕል ዛሬ ጨረስኳት። አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው፣ ሌላው ባዶ አየር ይዟል። ቆማለች። ከለቅሶው በኋላ የመጀመሪያ ጠቧን ሲያዩ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እንደገና ሊሰድቡኝ ይችላሉ። ይሁን። አሁን ግን ቤተ ዘመድ ናቸው፣ ሲሰድቡም እንደ ቤተ ዘመድ ነው የሚሰድቡኝ።