የአባትሽ ጆሮ

አምቦ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

መቲ፣ ኢንተላ ኮ፣ የማህፀኔ ፍሬ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? አበጠ ያልሽው እግርሽስ ቀነሰ ወይ? ጨው ቀንሺ። እዚህ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት ሰልችቶኛል። ለአራስነትሽ አልመጣም። ቆይ፣ ደብዳቤውን አትወርውሪው! በስልክ ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው፤ ሳልጨርስ ትዘጊብኛለሽ።

አባትሽ አይሰማም። ሦስት ዓመት ሆነው። ግራው ጭራሽ የለም፤ ቀኙም ከከበሮ በቀር አይቀበልም። እርጉዝ መሆንሽን ስትነግሪው «እሺ፣ በርቺ» ብሎ ስልኩን ሲሰጠኝ ስንት ቀን አለቀስሽ! አልሰማሽማ፣ ልጄ። በኋላ ፊት ለፊቱ ቆሜ ስነግረው ከንፈሬን አይቶ ገባውና ጓሮ ሄዶ አነባ።

«ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑን ኳየርና ኦርኬስትራ እንዴት ይመራል?» ትያለሽ። በእኔ ነዋ! ከአልቶዎቹ፣ ወፈር ባለ ድምፅ ከምንዘምረው ሴቶች ጋር፣ ፊት መስመር ላይ እቆማለሁ። ቫዮሊኖቹ ከዘገዩ እጄን አንገትጌዬ ላይ አደርጋለሁ፤ ድምፅ ከበዛ የኖታ ወረቀቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም። ሰዉ «ኦቦ ጋሮማ ሚስቱን እንዴት ቢወዳት ነው!» ይላል።

ባለፈው ወር የጉደርና የባኮ ኳየሮች መጥተው ነበር። አባትሽ ባይኖር በዚህ አገር አራት ድምፅ ከፍሎ መዘመርን ማን ያውቅ ነበር? የገበሬ ልጅ ኖታ የሚያነበው፣ ክላሲካል ሙዚቃ «የፈረንጅ ልቅሶ» መባሉ የቀረው በእርሱ ነው። ታዲያ የባኮዎቹ አልቶዎች፣ አምስቱም፣ መዝሙሩ መሃል ላይ እጃቸውን አንገትጌያቸው ላይ አላደረጉም መሰለሽ! አንዷን ብጠይቃት «የኦቦ ጋሮማ ስልት ነው፣ አዴ ጃለኔ፤ አስተማሪያችን ከቪዲዮ አይቶ አስጠናን» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝና ሳል አስመሰልኩት። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ለምን አይተወውም? ስንቴ ለመንኩት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ለፋሲካው ብቻ» ይላል፤ ፋሲካው ሲያልፍ ለገና ይላል። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል። እህቴ ደብሪቱ ሞታ ካቺሲ ለቅሶ ስሄድ እንኳ ቅዳሜ ልምምድ አለ ብዬ ሳላድር ተመለስኩ። ታስሬአለሁ፣ መቲ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ታስሬአለሁ።

ባለፈው እሑድ ግን በቃኝ። ሆን ብዬ ምልክቱን ከለከልኩት! እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ። ቫዮሊኖቹ ዘገዩ፣ ወንዶቹ ባሶች ቀደሙ፣ እርሱ ፈገግ ብሎ ይመራል። ከዚያ የዘማሪዎቹ ፊት መለዋወጡን አየና ወደ እኔ ዞረ። ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ልጅ መሰለኝ። አልቻልኩም፤ እጄን ወደ አንገትጌዬ አነሣሁ።

ቤት እንደገባን «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ልጄ ልትወልድ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ» አልኩት፣ እንዲገባው ቀስ ብዬ።

ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሻንጣዬንም ቀድሜ ሞልቼዋለሁ። እርሱ ሻንጣውን አየ። ሄዶ ያቺን የሚመራባትን ቀጭን ዘንግ አመጣና በመሐረብ ጠቅልሎ ልብሴ መሃል አስገባት።

«ሂጂ፤ እኔ እተወዋለሁ» አለኝ። «ይህችን ለልጁ መጫወቻ ስጪልኝ።»

የገንፎ እህሉንና ቅቤውን በሾፌሩ በብዙነህ መኪና ልኬልሻለሁ፤ ቅቤው የጉደር ነው፣ ለጎረቤት አትበትኚው። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ፤ አንቺንም ልጅሽንም በእጁ ይያዝ። አባትሽን አትቀየሚው። ስትወልጂ ፎቶ ላኪለት፤ ዓይኑ ደህና ነው።

ሻንጣውን የዚያኑ ቀን አራገፍኩት። «አትሄጂም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ መቲ፣ ይኼኔ ድሬዳዋ ነበርኩ።

እናትሽ ጃለኔ