አናቴን አልተውም ላሉት ክብርት ሰብሳቢ

ለፖይንት ላቪዮሌት ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የአናቴ ፀጉር፣ የግራና የቀኝ ጆሮ ግንዴ ፀጉር እንዲሁም የማጅራቴ ፀጉር ከአራት ዓመት የተናጠል ጉዞ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በአንድ ሪባን ውስጥ በሰላም የተገናኙ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በጉዞው የሞተ የለም። የቆሰለ ግን አለ፤ እሱም እኔ ነኝ።

ለክብርት ወይዘሮ ራሞና ኪልብራይድ፣
የቀዛፊዎች በዓል የአልባሳትና የመልክ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የከተማችን ብቸኛ የፀጉር ቤት ባለቤት፤

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም መቀስ የሚይዘው ቀኝ እጅዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ያ እጅ ደህና ባይሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤም ባልተጻፈ ነበር። እኔ፣ የሰባ ስድስት ዓመቱ ሽማግሌ አልፌጅ ቡርዶ፣ ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ቤትዎ ከቤቴ ሦስት በር ርቆ ሳለ ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ለማሳፈር ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። በመጪው ሰኞ ኮሚቴዎ ድምፅ የሚሰጥበትን ጉዳይ ከተማው አስቀድሞ እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ጉዳዩን ከእርስዎ በቀር የረሳው ሰው ባይኖርም፣ ለእርስዎ ስል ልድገመው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት አሥራ ሁለት ሆነን በበርች ቅርፊት የሠራናት ትልቋ ታንኳ፣ በሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜ ሐይቁን ለመጨረሻ ጊዜ ተሻግራ ወደ ሙዚየሙ አዳራሽ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ አትነካም። ከሠሪዎቿ መካከል በእግሩ የሚሄድ የቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ሦስት በጋ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቀዝፌአለሁ፤ ከኋላ ቆሜ መርቻት ግን አላውቅም። ዘንድሮ ካልመራኋት መቼም አልመራትም። የኋላ መሪ ለመሆን ደግሞ ደንባችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንደ ጥንቶቹ የቆዳ ነጋዴ ቀዛፊዎች ፀጉሩ የራሱ ሆኖ፣ ማጅራቱ ላይ በአንድ ሪባን ታስሮ፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ሳታመልጥ መቆም። ይኸው ነው። መዋኘት መቻል እንኳ አልተጠየቀም።

የኋላው ቦታ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የባለቤትዎ ወንድም የአቶ ክላረንስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከጀርባዬ ቆሞ፣ "ግራ! ግራ አልኩህ፣ አንተ ሽማግሌ! ግራህ የቱ እንደሆነ ጠፋህ እንዴ?" ሲለኝ ኖሯል። ግራዬ አልጠፋኝም። እሱ ወደ ኋላ ዞሮ ወደብ ላይ ለቆሙት ዘመዶቹ እጁን ሲያውለበልብ ነው ግራው ቀኝ የሚሆንበት።

እንግዲህ ክቡር ጊዜዎን ላለመሻማት አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ፀጉሬን ማሳደግ ስጀምር ከእርስዎ ወንበር ሌላ ወንበር አላሰብኩም። በየስድስት ሳምንቱ እየመጣሁ፣ ፎጣው አንገቴ ላይ ታስሮ፣ "እንዲረዝም ነው የምፈልገው፤ ከላይና ከታች እርከን እርከን የሆነውን ብቻ ያስተካክሉልኝ" እልዎት ነበር። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አባባ አልፌጅ፣ ምንም አያስቡ፣ በእኔ ይጣሉት" ይሉኝ ነበር። ጣልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ የታችኛውን ጫፍ ሳይነኩ አናቱን ግን "ለቅርጽ ነው" እያሉ ሲከረክሙት፣ የታችኛው ትከሻዬን አልፎ ሲወርድ የላይኛው የጆሮዬን ጫፍ ሳይሻገር ቀረ። የልጅ ልጄ ኖኤላ ለገና ከትልቁ ከተማ ስትመጣ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና፣ "አያቴ፣ እውነቱን ልንገርህ? ከነሥሩ የተነቀለ እንጉዳይ መስለሃል" አለችኝ። እኔም፣ "ይህን እንጉዳይ ያበቀሉት የተከበሩ የኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆኑ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ" ብዬ ለክብርዎ ተሟግቻለሁ። ይህን ውለታዬን እንዲመዘግቡልኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ፦ አምና በግንቦት፣ በበረዶ መጫወቻው አዳራሽ፣ አርባ ሰው በተሰበሰበበት የፀጉር ፍተሻ፣ ሪባኑን በገዛ እጅዎ አሰሩልኝ። ገና ቋጠሮውን ሳይጨርሱ የአናቴ ፀጉር ግራና ቀኝ ተዘርግፎ ዓይኔ ላይ ወደቀ። "ውይ አባባ! እኔ ምን ላድርግ? ፀጉሩ ነው እኮ ያመለጠው" አሉ። አቶ ክላረንስም ቡናውን እንደያዘ፣ "እሱን ፀጉር ነው ብላችሁ ነው? ዶሮ የበተነችው ሣር ነው!" አለና አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ፀጉሩ ዓይኔ ላይ ስለነበር ማን ማን እንደሚስቅ ማየት አልቻልኩም። ያመለጠችው ዘለላ ከዘጠኝ ቀን በፊት "ለቅርጽ" የከረከሟት ራሷ መሆኗን ያወቅሁት ግን ቤቴ ገብቼ መስተዋት ፊት ስቆም ነው።

ሦስተኛ ብዬ የምጽፈው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ቁጥር ይሳሳት፣ ግድ የለም። ያን ቀን ባያሳፍሩኝ ኖሮ ወደ ወይዘሮ ቴልማ ኦስትራንደር ጋጣ አልሄድም ነበር። ቴልማ እንደሚያውቁት ለውድድር የሚቀርቡ ፈረሶችን ጋማና ጭራ ስታስተካክል አርባ ዓመት ሆኗታል። መነጽሯን አድርጋ፣ አናቴን በፈረስ ማበጠሪያ ከፍ አድርጋ አየችና፣

"ማነው እንዲህ የቆረጠህ? ሰክሮ ነበር?" አለችኝ።

"ራሞና ናት" አልኳት።

"የክላረንስ ወንድም ሚስት? የኮሚቴዋ ሰብሳቢ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አልሰከረችም" አለች።

ከዚያ በባልዲ ላይ አስቀምጣኝ፣ እርስዎ በሦስት ዓመት ያላስረዱኝን በሦስት ደቂቃ አስረዳችኝ። "ስማ አልፌጅ። አናትህን ማንም አይንካው፣ ሞቼም ቢሆን አይንካው። የሚቆረጠው የታችኛው ብቻ ነው። ዛሬ ወደ ትከሻህ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ በየወሩ ያደገውን ያህል ብቻ እቀንሳለሁ። የታችኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ የላይኛው ይደርስበታል። ጋማ እንደዚህ ነው የሚስተካከለው፣ አንተም ከበቅሎ አትበልጥም።" ይህን ብላ ሦስት ዓመት ያሳደግኩትን ጭራ በአንድ ምት ቆረጠችው። አለቀስኩ አልልም፤ ጋጣ ውስጥ አቧራ ይበዛል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥራ አንድ ወራት ለክብርትነትዎ በዝርዝር አልተርክም። የአናቴ ፀጉር ለመታሰር አጭር፣ ለመተው ረጅም በሆነበት ዘመን ሾርባዬ ውስጥ ገብቷል፣ ከዓሣ ማጥመጃዬ ገመድ ጋር ተጠምጥሟል፤ በጥር ብርድ የካፖርቴ ዚፕ ነክሶት አንገቴን እንደ ዝይ አዙሬ መኪናዬ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀምጫለሁ። በዚያ ሰዓት በመኪናዬ አጠገብ ያለፉት እርስዎ ነበሩ። መስኮቱን አንኳኩተው፣ "አባባ፣ ለምን አይመጡም? አናትዎን ትንሽ ቀነስ ላድርግልዎት" አሉኝ። ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ። መስኮቱን ያልከፈትኩት አንገቴ ስለተያዘ እንጂ ንቄዎት አልነበረም። ንቄዎትም ነበር።

አራተኛ፦ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በዚያው አዳራሽ ለዘንድሮው ፍተሻ ቆምኩ። ሪባኑን አሰሩ። ምንም አላመለጠም። ዙሪያዬን ሦስት ጊዜ ዞሩ። "እስቲ ራስዎን ያወዛውዙ" አሉኝ፤ ከውሃ እንደወጣ ውሻ አወዛወዝኩ። ምንም። ከዚያ የአዳራሹን ትልቁን ማራገቢያ አስመጡ፤ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ፊቴ ላይ ለቀቁት፣ የሰብሳቢዋ የራስዎ ፀጉር ተበታትኖ ሊፕስቲክዎ ላይ ሲጣበቅ የእኔ ንቅንቅ አላለም። ቴልማ ከኋላ ወንበር፣ "ኧረ ማራገቢያውን አጥፉት፣ ልጅቷን በረዳት!" ስትል የሳቀው ሕዝብ ዘንድሮ በእኔ አልነበረም የሚስቀው።

ያን ጊዜ ከቦርሳዎ አንዲት ወረቀት አወጡ። ኮሚቴው እሑድ ማታ በእርስዎ ቤት ተሰብስቦ፣ ከሪባኑ በታች የሚንጠለጠለው ጭራ ሙሉ ስንዝር መሆን አለበት ብሎ ደንብ አውጥቷል አሉ። ስንዝሩም የራስዎ ስንዝር ሆነ። ዘርግተው ለኩኝ፤ አራት ጣት ጎደለኝ። ጭራው የጎደለው ደግሞ አናቴ እንዲደርስ ስል ከሥር ስላስቆረጥኩት ነው፤ አናቴ መድረስ ያቃተው እርስዎ ስለከረከሙት ነው። አምና በመቀስዎ ጣሉኝ፣ ዘንድሮ መቀስዎ ያጠፋውን ስላቃናሁ ጣሉኝ። ክብርት ሆይ፣ በስልሳ ዓመት የሥራ ዘመኔ ከአለቆች ጋር ተጣልቻለሁ፣ ከዳኛ ጋር ተጣልቻለሁ፣ እንዲህ የተጣራ ሥራ ግን አላየሁም፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ ፀጉሬም አብሮ አይነሳም።

ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ "በፍተሻው ዋዜማ የወጣ ደንብ ለዘንድሮ ይሥራ ወይ?" ብለው ስለጠየቁ ነገሩ ለሰኞ ተቀጥሯል። ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ጤና ይስጥልኝ።

አምስተኛ፦ አቶ ክላረንስን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ጭራው ስንዝር ተኩል ነው፣ ለክቼዋለሁ። ከሪባኑ ያመለጠ ዘለላም በዘጠኝ ዓመት አልታየበትም፤ አናቱ ላይ ሊያመልጥ የሚችል ነገር ስለሌለ ደንቡን ያለ ልፋት ያከብራል። ማራገቢያ ለእሱ ለምን እንዳልመጣ የጠየቀ ሰው ነበር፤ "ብርድ ይመታዋል" ብዬ መልሼለታለሁ።

ክብርት ሆይ፣ ቂም የያዝኩ እንዳይመስልዎ። ይዣለሁ፣ ግን በሥርዓት ነው የያዝኩት። ከአምናው ግንቦት ጀምሮ ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ ፀጉሩን ማሳደግ የሚፈልግ ወንድ ባገኘሁ ቁጥር ባርኔጣዬን አውልቄ አናቴን ማሳየትና የቴልማን ጋጣ በጣቴ መጠቆም ብቻ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋጣው በር ላይ ዘጠኝ ሽማግሌዎች በባልዲ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ፖስታ ቤት የነበረው ጓደኛዬ ከሁለት ባዝራዎች መሃል ተቀምጦ ተስተካክሎ፣ "ወንበሩ አይመችም፣ ግን የሚቆርጥህ ሰው ዘመድ የለውም" ብሏል። የእርስዎ ወንበር ቅዳሜ ባዶ ስለሚሆን እግርዎን ለማሳረፍ እንደተመቸዎት ተስፋ አለኝ።

ሰኞ አባላቱ የሚወስኑት ስለ አራት ጣት ፀጉር አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ያቺን ታንኳ የጠገነ ሰው፣ የመጨረሻ ቀኗን ከኋላዋ ቆሞ ይሸኛት ወይስ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስለ ግራና ቀኝ ይሰደብ የሚለውን ነው። ይህን በግልጽ እጠይቃለሁ፤ ለመለመን አላፍርም፣ ማፈሬን አምና በዚያ አዳራሽ ጨርሻለሁ።

ታንኳዋ ግን ምንም ስላልበደለች፣ እንደ ሁልጊዜው የጥድ ሙጫዬን ከስብ ጋር አፍልቼ አሥራ አንዱንም ስፌቶቿን በዚህ ሳምንት ደፍኛለሁ። የሙጫውንና የስቡን ልክ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ኮሚቴው በዚህ በኩል ስጋት እንዳይገባው አረጋግጣለሁ።

የመቀስዎን ስለት፣ የስንዝርዎን ርዝመትና የዘመድ ፍቅርዎን እያደነቅሁ፣ ፀጉርዎ ሁሉ በአንድ ልክ እንዲያድግልዎ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አልፌጅ ቡርዶ
የቀድሞ ደንበኛዎ፣ የሦስተኛው አግዳሚ ቀዛፊ፣ በአንድ ሪባን ሙሉ በሙሉ የታሰረ

ማሳሰቢያ፦ አንዳንድ አንባቢ ሽማግሌው አጋንኗል ማለቱ አይቀርም። ማራገቢያው እውነት ነው፣ ስንዝሩ እውነት ነው፣ ዚፑም እውነት ነው፤ ምልክቱ አሁንም አገጬ ሥር አለ። ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሥራ አንዱንም ስፌቶች ደፍኛለሁ ያልኩት። የደፈንኩት አሥሩን ነው። አሥራ አንደኛው የኋላ መሪው ከሚቆምበት ሥር ነው። ታንኳዋ በምታልፍበት ሁሉ ውሃው ከጉልበት ስለማይበልጥ የሚሰጥም ሰው አይኖርም፤ ካልሲ ግን ይረጥባል፣ ያውም ከተማው ሁሉ ወደብ ላይ ቆሞ እያየ። ሙጫው ምድጃዬ ላይ ነው፤ ለማሞቅ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ለራሴ እግር ከሆነ ሰኞ ድምፁ እንደተቆጠረ አሞቀዋለሁ።