የጉራ ጾም

መጋቢት 9 ቀን 78 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አራት ጎማ ለጠፍኩ። አንዱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ። ከድሬዳዋ ወዲህ ያንን ጎማ ነፍስ የሚዘራበት ጎሚስታ ከእኔ ሌላ የለም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ። ለሰው መናገር ተከልክያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና አስካለ በሰማንያ ከተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ነገር ብቻ ስትለምነኝ ኖረች፦ በቁርባን እንጽና። ብቻዋን አትቆርብም፤ ከባሌ ጋር ካልሆነ አለች። እኔ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ዘንድሮ ለፋሲካ እሺ አልኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥሩነህ ግን አዩኝ፣ አዩኝና፣ አትሰርቅም፣ አትሰክርም፣ ያንተ ጣጣ ምላስህ ነው አሉ። ቀኖናዬ ሁዳዴውን ሙሉ ጉራ መጾም። ከገደፍኩ ቁርባኑ ለከርሞ። አስካለ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ሥጋ መጾም፣ ቅቤ መጾም ያባት ነው። ጉራ እንዴት ይጾማል? ይህን ቀኖና ሹክ ያለቻቸው እሷ ናት። ባልምልም።

ግን ምላስ አሉ እንጂ እጅ አላሉም። በመሠረተ ትምህርት ከማታው ክፍል አንደኛ የወጣ ሰው ይህ አያመልጠውም። ደግሞ ጎሚስታ ነኝ። ቀዳዳ ማግኘት እንጀራዬ ነው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

አስካለ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ አስቀመጠች። ጉራ በነዛሁ ቁጥር አንድ ባቄላ ትጥላለች። ሰባት ከሞላ ራሷ ሄዳ ለመምሬ ትናገራለች። በመጀመሪያው ቀን ሁለት! አንደኛው ይሁን፤ ሽሮውን እኔ ብሠራው ኖሮ ብያለሁ። ሁለተኛው ግን ግፍ ነው። ጎረቤት እንዴት አደርክ አለኝ፤ እንደ አንበሳ አልኩ። ሰላምታ እኮ ነው! የለም፣ ራስን አንበሳ ማለት ጉራ ነው አለች። እንደ ድመት አደርኩ ልበል?

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

አብዲ መጣ። የቶጎጫሌ መስመር ሹፌር፣ የድሮ ደንበኛዬ። አዲስ ረዳት ይዟል። በሶማልኛው ዋሪያ ጌታነህ፣ የካራማራዋን ንገረው አለኝ። ካራማራ ዳገት ላይ ጎማ ሲፈነዳበት፣ መለወጫም ሲያጣ፣ ጎማውን ሣር ጠቅጥቄበት ጅጅጋ ያስገባሁትን። መቶ ጊዜ ተርኬዋለሁ። አስካለ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ረሳሁት አልኩ። አብዲ ግንባሬን ዳሰሰ። ወላሂ ወባ ነው አለ። ከዚያ ራሱ መተረክ ጀመረ። አበላሸው! ሣሩን ገለባ አደረገው። ሰባት ኪሎ ሜትር ነዳን አለ። አላስቻለኝም፤ «አሥራ አራት!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስተኛ ባቄላ። ድምፁ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ ሲል ውስጤ ይገባል።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ቄጤማው ጉልበቴን አለፈ። ስለ ቄጤማው አልነገርኩህም። በየዓመቱ ለቀዳም ሥዑር በቤ/ክ የሚታደለው ቄጤማ ከሐረር በኩል በመኪና ይመጣል፤ ሲደርስ ድርቆሽ ነው። ምእመናኑ ራሳቸው ላይ ሲያስሩት ይሰበራል። አምና አብዲ ከዓለማያ ሐይቅ ዳር ሥሩን ከነጭቃው አመጣልኝ። ጓሮ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ውሃው እንዳይሰርግ በከባድ መኪና ላስቲክ ለበጥኩት። ጎማ የምፈትሽበትን የገንዳ ውሃ እዚያ እደፋለሁ። ውሃ በአህያ በሚሸጥበት ከተማ ረግረግ ሠራሁ! ማን አስቦት ያውቃል? ለማንስ ልንገር?

አስካለ ያ ውሃ ለጎመኔ ይሻል ነበር ትላለች። እንቁራሪቱም አናደዳት። እኔስ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ?

ሚያዝያ 5፣ እሁድ፣ ገብር ኄር

ስብከቱ ስለ እኔ ነበር። መክሊቱን ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበረው ባሪያ ተወቀሰ። ከወንዶች በኩል ሆኜ ወደ ሴቶቹ አየሁ፤ አስካለም አየችኝ። ቤት ስንገባ፣ ይኸው፣ መክሊትን መቅበር ኃጢአት ነው አልኳት። አንተማ ቆፍረህ እንቁራሪት ነው የቀበርከው አለች። አራተኛ ባቄላም ጣለች። ለምን? መክሊት አለኝ ማለትህ ነው ብላ።

ይህች ሴት ዳኛ ብትሆን ጅጅጋ እስር ቤት አይበቃትም ነበር።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ሃ/አለቃ ደምሴ መጣ። ጡረተኛ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ጢሙን ከማበጠር ሌላ ሥራ የለውም። ዘንድሮ ቄጤማ የሚያመጣው መኪና ተበላሽቷል፤ ይህን ስጠን አለ። በደስታ ሰጠሁ። ማን ተከለው ሲለኝ ግን አመለጠኝ፤ ከእኔ ሌላ በዚህ አገር ማን ይችላል አልኩ። አምስተኛው ለቃሉ፣ ስድስተኛው አብሮ ለተነፋው ደረቴ። ስድስት። አንድ ቀረችኝ። አስካለ አልተቆጣችም። የቁርባን ቀን የምትለብሰውን አዲስ ቀሚስ አውጥታ ነበር፤ አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ጉድ ስማ። ቤ/ክ በር ላይ ሰዎች ሃ/አለቃን ከበው ያመሰግናሉ። ዘንድሮ እርጥብ ቄጤማ አገኘህልን አሉ። አገኘሁ፣ ለፋሁ ይላል! ጢሙን ያበጥራል! አፌን ከፈትኩ። አስካለ ከሩቅ ትመለከተኛለች። ዘጋሁት። ወደ ሱቄ ተመልሼ አንድ የከባድ መኪና ጎማ በእጅ ፓምፕ ነፋሁ። ኮምፕረሰሩ አጠገቤ ቆሞ።

ሚያዝያ 23፣ ጸሎተ ሐሙስ

አስካለ ጉልባን ቀቀለች። ብርጭቆው ባዶ። ባቄላዎቼስ? ከስንዴው ጋር ገቡ አለች። ስድስቱም። የትኛው የእኔ እንደሆነ አይለይም። እሷም ከአንድ ሳህን በላች። አንድ አንድ እያነሳች።

ከዚያ ወዲህ ጉራዬን የነዛሁብህን አንተን ባየሁህ ቁጥር አፍራለሁ፣ ደብተሬ።

ሚያዝያ 24፣ ስቅለት

ተጋድሜ ነው የምጽፈው። ጉልበቴ ተንፍሷል።

ስለ አንተ ተናዘዝኩ፣ ደብተሬ። መምሬ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። በአፌ ያልነዛሁትን በደብተር ነዛሁት አልኳቸው። ስንት ገጽ? አሥራ ስምንት። በዚያው አፌ አመለጠኝና፣ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አልኩ። ጀርባዬን በወይራው ጠበጠቡኝ። ለየገጹ አሥር ስግደት፣ ለጥሩው ጽሕፈት ሃያ ተጨማሪ። ቁርባኑስ አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። ነገ አፍህን አይቼ አሉ።

ሁለት መቶ ሰገድኩ። ስንት እንደሰገድኩ ለማንም አልነገርኩም። አንተ አትቆጠርም። ትቆጠራለህ እንዴ?

ሚያዝያ 25፣ ቀዳም ሥዑር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

በጠዋት ሁሉንም አጨድኩ። ሃ/አለቃ በጋሪ ገፍቶ ወሰደው። ቤ/ክ ስንደርስ ምእመናኑ ሁሉ አረንጓዴ አስረዋል። ሲያስሩት አልተሰበረም፤ ውሃው ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። አሮጊቶቹ ያሸቱታል። መምሬ ይህ በረከት የማን ነው ብለው ጠየቁ። ሃ/አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእኔ ድካም አለ።

ቄጤማ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። እውነቴን ነው። እንደ ፍየል።

ከሴቶች በኩል ድምፅ ተሰማ። «ድካም? አንተ ጋሪ ነው የገፋኸው!» አስካለ! ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው፣ በአደባባይ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። የተከለው ባሌ ነው አለች። በደረቅ ምድር ሐይቅ ሠራ አለች። ከሐረር እስከ ቶጎጫሌ እንዲህ ያለ እጅ የለም። እንቁራሪቱ እንኳ እሱን ብሎ መጣ! አላቆመችም። የካራማራዋን ጀመረች። ሣሩን በትክክል ሣር አለችው። ኪሎ ሜትሩ ላይ ስትደርስ ግን ሃያ አለች። ሃያ! እኔ እንኳ ደፍሬው አላውቅም።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። መምሬ አፋቸውን በነጠላ ከልለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ጌታነህስ ምን ትላለህ አሉ። ቄጤማውን ከአፌ አወጣሁ።

«ሰባት ነው፣ አባቴ» አልኩ። «አብዲ እንዳለው ሰባት ነው።»

ነጠላውን ከአፋቸው አወረዱ። ከዚያ፣ ማታ ሁለታችሁም ነጭ ለብሳችሁ ኑ አሉ።

አሁን ቤት ነን። ቀሚሷ ከሳጥኑ ወጥቷል። መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ አንድ ባቄላ አለች። እኔ አልጣልኩም። ለራሷ ጉራ ነው የጣለችው።

ነገ ከዶሮው ድስት ትገባለች። ግማሿ የእኔ ናት።