ዳታ የበላው ሟች

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ወልደጻድቅ፣ የግቢያችን ባለቤትና የራውተራችን የበላይ ጠባቂ
መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለራውተርዎ መብራቶች ጤና ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እናቴና እኔ፣ ወንድሜ ኤልናታን ከሥራ ሲመለስ በባጃጅ አደጋ ከሞተብን ወዲህ፣ እንዳለን አለን። ደብዳቤዬን በግቢው በር ላይ የለጠፍኩት በቴሌግራም ልልክልዎ ኢንተርኔት ስለሌለኝ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

፩. በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። ይልቁንም ያን ያህል ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ስልክዎን አውጥተው ራውተሩን ማን ማን እንደሚጠቀም መቆጣጠርዎን ስላልዘነጉ ትጋትዎን አደንቃለሁ። «የኤልናታን ስልክ» የሚል ስም አይተው «ሟቹ ዳታ እየበላብን ነው እኮ!» ሲሉ፣ ንፍሮ የሚያድሉት እትዬ አበበች እንኳ ሰሃኑን እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል።

፪. ስልኩን ከኢንተርኔቱ እዚያው ስለዘጉት ፍጥነትዎም ምስጋና ይገባዋል። በጊጋ የሚቆጠር ፓኬጅ አምስት ቤት ሲካፈለው ቁጠባ እንደሚያስፈልግ እረዳለሁ። ሆኖም ያን ስልክ ይዛው የነበረችው እናቴ ናት። ወንድሜ በመዘምራን ልምምድ የዘመራቸውን መዝሙሮች ጓደኞቹ ቀድተው በቴሌግራም ይልኩለት ነበር፤ ስልኩ ላይ ስላልወረዱ ያለ ኢንተርኔት አይከፈቱም። ሲም ካርዱ በአደጋው ተሰብሯል፤ ቤታችንም ኢንተርኔት የሚከፍት ሌላ ስልክ የለም። ፒያሳ ወስጄ በካፌ ዋይፋይ ላውርድልሽ ብላት ስልኩን ከእጇ አትለቅም፤ እሷም ከቤት መውጣት ገና አልጀመረችም። ስለዚህ ተቀምጣ በስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ታያለች። ክቧ መዞር ስትጨርስ ድምፁ የሚመጣ ይመስላታል።

፫. ይህንኑ ላስረዳዎ ስመጣ በረንዳዎ ላይ ተቀብለው «የሞተ ሰው ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? አንተ ይልቅ ትምህርትህን አጥና» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። እያጠናሁ ነው። ልጅዎ ብሩክ የሚያየው የኳስ ጨዋታ በግድግዳው በኩል ጥርት ብሎ ስለሚሰማኝ፣ ፓኬጁ እንዳላለቀ በማወቄም ተጽናንቻለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚያ መዝሙሮች እስኪወርዱ ድረስ ስልኩን ይክፈቱልን። ከዚያ በኋላ ሟቹ ምንም አይበላብዎትም።

የራውተርዎ መብራት ቀይ እንዳይሆንብዎ፣ ፓኬጅዎም ከወር እስከ ወር እንዲያደርስዎ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ማርቆስ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጓሮው ቤት

ማሳሰቢያ፦ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የራውተሩን ገመድ የዘረጋልዎ፣ ሲበላሽም የሚያስተካክልልዎ ኤልናታን እንደነበር አይዘነጉትም። ባለፈው እሑድ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥብዎ፣ እንደ ልማድዎ በራችን ላይ ቆመው «ኤልናታን! ና እስቲ ይቺን ነገር እያት!» ብለው ተጣርተዋል። ምን እንዳሉ የገባዎት ከተጣሩ በኋላ ነው፤ አንገትዎን ደፍተው ሲመለሱ በመስኮት አይቻለሁ። እናቴ ግን «አቤት፣ መጣ!» ብላ በሩን ከፍታልዎ ነበር።