ኑድል በጉርሻ

ጌትዬ፣ የኔ ጌታ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ እንኳ ሌላ ገና መጥቶ ሄደ። እኔ ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

አሁንም እዚያው ኦክላንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም። «ለፋሲካ ይደርሳል» ትለኝ ነበር፤ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ ግን ሳትነግረኝ ሄድክ። አረጋውያን ቤት የሰው እናት ሳነሳና ሳስተኛ እውልና፣ ስመለስ ደረጃው ሥር ቆሜ ሽቅብ አየዋለሁ። ታክሲህን ሸጥናት። ጃኬትህ ግን በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ሚጥሚጣህም ከነብልቃጧ ኪሱ ውስጥ አለች።

ማሂ መቀመጫ ነስታኛለች። ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ ሊያልቅ ነውና ቤቱን ለቀሽ ሳን ሆዜ እኔ ጋ ግቢ ነው የምትለኝ። እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ ልጅህ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ አንዳችን ስልኩን እንዘጋዋለን። እውነቱን ልንገርህ? የፈራሁት ሳን ሆዜን አልነበረም። እዚህ ግድግዳውም ያውቅሃል። እዚያ ከኔ በቀር ማን ያስታውስሃል? ማሂ እንደሆነች ስንበላ አንገቷን ደፍታ ስልኳን እያየች ነው ያደገችው፤ ያንተን አመል ከየት ታውቀዋለች ብዬ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ መጣችና ምሳ እንብላ ብላ ይዛኝ ወጣች። የት እንደምንሄድ አልነገረችኝም። መኪናዋን ስታቆም ቀና ብዬ ባይ፣ ያንተ የታይላንድ ኑድል ቤት! ካረፍክ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም። መልሺኝ ልላት ነበር፤ ግን ጭቅጭቅም አቅም ይፈልጋል፣ ተከትያት ገባሁ።

ምንም አልተለወጠም። ጠረጴዛው ያው ይነቃነቃል። ባለቤቲቱ ገና ስታየኝ «ፋስቲንግ?» አለችኝ፣ ጾም ነው ወይ ማለቷ ነው። አንተ ነህ ያስተማርካት! በየረቡዑ ጣትህን እያጠፍክ «ኖ ኤግ፣ ኖ ችክን፣ ኖ ፊሽ ሶስ» ስትላት፣ መጀመሪያማ በሽተኞች መስለናት ነበር። ሚጥሚጣህንስ ከኪስህ አውጥተህ ኑድሏ ላይ ስትነሰንስ! የሷ ቃሪያ ይብሳል፣ ተው ብልህ መች ሰማኸኝ። አንድ ቀን ሚጥሚጣህን ቀመሰችልህ፤ ጓዳ ገብታ የራሷን በማንኪያ አምጥታ አቀመሰችህ፤ አቤት ያን ቀን እንባህ! እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ማሂ ግን በእፍረት ጠረጴዛው ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት።

ከሁሉ የሚያሳፍራት ጉርሻህ ነበር። ኑድሉን በሹካ ጠቅልለህ፣ ከሥሩ መዳፍህን ደቅነህ፣ ፈረንጁ ሁሉ እያየን «በሞቴ!» ትለኛለህ። ጎርሼ ሳልጨርስ ደግሞ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለህ ሁለተኛዋን ታመጣለህ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ነበር የሚቀረው። በሞቴ እያልክ ስንቱን አጎረስከኝ፣ ጌትዬ። ያኔ ቃሉ አይከብደኝም ነበር።

ኑድሉ መጣ። እኔ ማየት እንጂ መብላት አቃተኝ። ማሂ የሊዙን ነገር ጀመረች፣ ፊቴን አይታ ተወችው። ከዚያ ሹካዋን አነሳችና ጠቀለለች። ከሥሩ መዳፏን ደቀነች። ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ «ካም ኦን፣ እማ» ብላ ወደ አፌ ዘረጋችው። ጎረስኩላት። ወዲያው ሹካዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። በቃ፣ አላወቀችውም፣ እንዲሁ ስንጣላ ልንኖር ነው አልኩ በልቤ።

«ዌይት» አለች። «አባቢ ሁለት ነው የሚሰጠው።»

እንደገና መጠቅለል ጀመረች። ለካ አንገቷን ደፍታ ታይህ ኖሯል! ኑድል አፌን ሞልቶት አለቀስኩ። ባለቤቲቱ ሶፍት አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝና ሄደች።

ቤቱን እለቃለሁ፣ ጌትዬ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እሺ አልኳት። ጃኬትህን ከነሚጥሚጣው ይዤው እሄዳለሁ፤ በሯ ጀርባ መስቀያ አታጣም። ረቡዕ ረቡዕ ኑድል ቤት እንመጣለን ብላኛለች። የሳን ሆዜን የመንገድ ጭንቅንቅ አንተ ታውቀዋለህ፣ እንግዲህ እናያለን።

እኔ እስካለሁ አልረሳህም። ድካሙ አይሎብኝ የዘነጋሁ ቀን ደግሞ፣ ልጅህ ሁለተኛዋን ትጠቀልልልኛለች።

ያንተው አስቴር