የሸረፈዲንን እግር የቀበሩት ወ/ሮ እቴነሽ ሞላልኝ (1944–2016 ዓ.ም.)

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ። ይቺን ወረቀት የያዛችሁ ሁሉ እቴነሽን ታውቋቸዋላችሁ፤ የግማሻችሁን ቁስል አጥበዋል፣ ግማሻችሁን በልጅነታችሁ መርፌ ወግተው አስለቅሰዋል። ቢሆንም ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉ።

ወ/ሮ እቴነሽ ከአባታቸው ከአቶ ሞላልኝ በላቸውና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልታየች ስማቸው በ1944 ዓ.ም. ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ የድሬሰርነት ኮርስ ወስደው ሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1965 ዓ.ም. ከአቶ ፈንታሁን ገብሬ ጋር ጋብቻ መሥርተው ጌታ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ሰጣቸው።

በ1975 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚላኩ የጦር ሜዳ ቁስለኞችን የሚያስታምም ሰው ሲፈለግ እሳቸው ተመርጠው ሄዱ። ልጆቹን እናታቸው ወ/ሮ አልታየች ያዙላቸው። እዚያ ዓመት ከመንፈቅ ቆዩ። ጠዋት ተነስተው ቁስለኞቹን ያጥባሉ፣ ፋሻ ይቀይራሉ፣ እጁን ያጣውን ያጎርሳሉ። ወጥ ቤት ገብተው የሥጋውን ዓይነት ይጠይቃሉ፤ የአሳማ ከሆነ በድንችና በእንቁላል ያስቀይራሉ። በረመዳን የጿሚዎቹን ሳህን ማሞቂያው ላይ አስቀምጠው መግሪብ ይጠብቃሉ። የእሳቸው የጴንጤ እምነት በዚያ በደርግ ዘመን የሚያስጠይቅ ስለነበረ፣ ራሳቸው የሚጸልዩት አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነበር።

ከቁስለኞቹ አንዱ ሸረፈዲን የሚባል የኮምቦልቻ አካባቢ የገበሬ ልጅ ነበር። የእግሩ ቁስል መግሎ ወደ ላይ ሲወጣበት ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ ይሞታል አሉ። እሱ ግን የተቆረጠ እግር እዚያ እንደሚቃጠል ሰምቶ እንቢ አለ። እኛ አገር የተቆረጠ አካል ተጠቅልሎ ይቀበራል እንጂ እሳት አይገባም።

«እትዬ፣ አላህ የሰጠኝን እግር እንደ ጥራጊ ሊያቃጥሉት? ወላሂ አልፈርምም። ከነእግሬ ልሙት» አላቸው።

«እኔ እቀብረዋለሁ» አሉት።

«ለቀስተኛስ ከየት ይመጣል?»

«እኔው አለሁ። እግርህ ቀድማ ትሂድ፣ አንተ አትቸኩል።»

ሳቀና ፈረመ።

እቴነሽ ግን ይህን ቃል የሰጡት ማንንም ሳያስፈቅዱ ነበር። ሐኪሙ ደንቡ አይፈቅድም አሉ። እሳቸውም ነጠላቸውን ይዘው የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆሙ፤ ግቢ ቢሏቸው አይገቡ፣ ሂጂ ቢሏቸው አይሄዱ። የዋርዱ አለቃ አሮጊት ነርስ ነበሩ፤ ባላቸው በድሮው ጦርነት ሞተው መቃብራቸው የት እንዳለ አያውቁም። እሳቸው ናቸው ሐኪሙን ለምነው ያስፈቀዱት።

ክረምቱ መሬቱን ድንጋይ አድርጎት ነበር። ከአትክልተኛው ዶማ ተውሰው፣ ግቢው ውስጥ ካለ ጽድ ሥር፣ መዳፋቸው ውሃ እስኪቋጥር ቆፈሩ። እግሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ቀበሩት። እጃቸውን ሳይታጠቡ ታማሚ ዘንድ የገቡት በዕድሜያቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሸረፈዲን ሲነቃ ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን አፈር አሳዩት። አይቶ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትንሿ ልጃቸው ስላላወቀቻቸው አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ ያቀርር ነበር። ከዚያም ኮምቦልቻ በሚገኝ ክሊኒክ ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የድካማቸውን ዋጋ የሚያውቅ ጌታ በእቅፉ ያሳርፋቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

አቶ ሸረፈዲን ዛሬ ከኮምቦልቻ መጥተው ከመካከላችን ቆመዋል። «የመጀመሪያውን አፈር እኔ ላልብሳት» ብለዋል፤ ቤተሰቡም እሺ ብሏል። ቦታው ተዳፋት ነው፣ የእንጨት እግር ደግሞ ያንሸራትታል። እባካችሁ፣ መንገድ ልቀቁላቸው፣ ክንዳቸውንም ያዙላቸው።